አየር የማይሻ ሞተር ለካራ ሰማይ

በሬዲዮ በሚመሩ ሞዴል አውሮፕላኖች ታሪክ ውስጥ «ሬዲዮ ክዊን» የተባለችው እንግሊዝ ሠራሽ ሞዴል ሁለት ጊዜ ትነሳለች። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ2 ሜትር ጥቂት ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1954 በትንሽ ዲዝል ሞተር ኢንግሊሽ ቻናልን አቋርጣለች። በጁን 30 ቀን 1957 ደግሞ ኮሎኔል ታፕሊን ይህችኑ ሞዴል በኤሌክትሪክ ሞተርና በብርና ዚንክ ባትሪ አስነሷት። በሬዲዮ የተመራ ሞዴል በኤሌክትሪክ ስለመብረሩ በይፋ የተመዘገበው የመጀመሪያው በረራ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ግን የኤሌክትሪክ ሞዴል ለብዙ አሥርት ዓመታት የሁለተኛ ደረጃ ዕቃ ሆኖ ቆየ፤ ባትሪው ከባድ፣ ጉልበቱም ትንሽ ነበርና። ነገሩን የቀየሩት የሊቲየም ፖሊመር ባትሪና ብሩሽ የሌለው ሞተር ናቸው። ዛሬ በቆላ አገር የሚኖር ሰው ክላሲክ ሞዴል ሲሠራ ነዳጅ ይሁን ወይስ ባትሪ የሚለው ጥያቄ በአብዛኛው የምርጫ ጉዳይ ነው። የአዲስ አበባው ካራ ላይ ግን ምርጫው የአየሩ ነው። በየካና በእንጦጦ ተራሮች ግርጌ የድሮ ሞዴልን በኤሌክትሪክ መልሶ መሥራት ከኦሪጅናሉ የሚሻል አውሮፕላን ያወጣል፤ ይህ የሚሆነው ግን ሠሪው ሞተር ከመቀየር አልፎ አውሮፕላኑን እንደገና ሲያስበው ነው።

ካራ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ይገኛል፤ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በባሕር ወለል አንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር 1.225 ኪሎ ግራም ሲመዝን፣ ካራ ላይ ግን 0.9 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። ከአየሩ ሩብ ያህሉ የለም ማለት ነው። ይህ ጉድለት ክንፉንም ሞተሩንም ይነካል። ለምሳሌ 3 ኪሎ ግራም የሚመዝንና 60 ካሬ ዴሲሜትር የክንፍ ስፋት ያለው የልምምድ አውሮፕላን እንውሰድ። ይህ አውሮፕላን በባሕር ወለል በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር እስኪደርስ ድረስ ፍጥነቱን ቢቀንስ አየር ላይ መቆየት ይችላል፤ ካራ ላይ ግን ገና 34 ላይ ክንፉ ይከዳዋል። በሜዳ ላይ ሲያርፍ የሚታየው ልዩነት ይህ ነው፤ ቶሎ ይወርዳል፣ ረጅም ይንደረደራል፣ የሚያበርረውም ሰው ስህተቱን ለማረም የሚያገኘው ጊዜ ያጥራል።

ሞተሩ ላይ ሲመጣ ጉዳቱ ይብሳል። የቆዩት ሞዴሎች የተነደፉት ሜታኖል፣ ናይትሮሜቴንና ዘይት ቀላቅሎ ለሚያቃጥል ትንሽ ሞተር ነው። ይህ ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ እንጦጦ ላይ ለመሮጥ እንደሞከረ የቆላ ሰው ነው፤ የሚስበው አየር ካነሰ የሚያወጣው ጉልበትም በዚያው ልክ ያንሳል። አውሮፕላኑ በስስ አየር ውስጥ ያንኑ ክብደት ተሸክሞ ለመብረር ከቆላው 15 በመቶ ያህል የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል፤ ሞተሩ የሚሰጠው ግን 25 በመቶ የጎደለ ነው። ሁለቱን ስናስተያያቸው አንድ ሦስተኛ ያህል ጉልበት እናጣለን። የካርቡሬተሩን መርፌ እንደገና አስተካክሎ ከነዳጁ ጋር የሚገባውን አየር ማመጣጠን ይቻላል፤ የሌለውን አየር መፍጠር ግን አይቻልም። የኤሌክትሪክ ሞተር ከዚህ ችግር ነፃ ነው። ጉልበቱን ከባትሪ ስለሚያገኝ አየር አያቃጥልም፤ ባሕር ዳርቻ ላይ የሚሰጠውን ዋት ካራም ላይ መስጠት ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሳል፦ ሞተሩ አየር ባይሻም ፕሮፔለሩ ይሻል። እውነት ነው። ፕሮፔለር አየርን ወደ ኋላ እየገፋ ስለሚጎትት፣ በስስ አየር ውስጥ በዚያው ዙር ሲሽከረከር የሚይዘው ነገር ያንሰዋል፣ ግፊቱም ይቀንሳል። ሆኖም የኤሌክትሪኩ ጥቅም በትክክል የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የነዳጁ ሞተር ጉልበቱ ራሱ ስለተነካ ትልቅ ፕሮፔለር ቢሰጡት ይደክማል። የኤሌክትሪኩ ሞተር ግን ሸክሙ ስለቀለለው ከባትሪው የሚስበው አምፔር ይቀንሳል፤ ይህ ማለት ያልተነካ አቅም በእጁ አለ ማለት ነው። ሥሌቱ እንደሚያሳየው በባሕር ወለል 12 ኢንች ፕሮፔለር የሚያዞር ሞተር ካራ ላይ 13 ኢንች ቢታሰርለት ወደ ቀድሞ ሸክሙ ይመለሳል። አውሮፕላኑን አጥብቆ አስሮ፣ ሙሉ ጉልበት ሰጥቶ አምፔሩን መለካት ግምቱን በቁጥር ያረጋግጣል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ፦ ስስ አየር ሙቀትም እንደልቡ አይወስድም። ስለዚህ ለሞተሩና ለፍጥነት መቆጣጠሪያው የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹን ከንድፉ ሰፋ ማድረግ፣ መቆጣጠሪያውንም ከሚያስፈልገው አምፔር ከፍ ያለውን መምረጥ ይገባል።

ክንፉን በተመለከተ መልሱ ክብደት ነው። ያ የ3 ኪሎ ግራም አውሮፕላን ካራ ላይ እንደ ቆላው ቀስ ብሎ እንዲያርፍ ክብደቱ ወደ 2.25 ኪሎ ግራም መውረድ፣ ካልሆነም ክንፉ በሲሶ መስፋት አለበት። ነዳጅ ሞተር ላለው ሞዴል ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። የድሮዎቹ ንድፎች አፍንጫቸው በወፍራም ኮምፔርሳቶ የተደጋገፈው ሞተሩ ስለሚርገፈገፍ ነው፤ እንጨቱ በልዩ ቀለም የሚሸፈነውም ከጭስ ማውጫው የሚረጨው ዘይት ሠርጎ እንዳይገባ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አይርገፈገፍም፣ ዘይትም አይተፋም። ስለዚህ ድጋፎቹ ሊቀጥኑ፣ ሳንቃዎቹ ሊቦረቦሩ፣ ክንፉም በቀላል ወረቀት ወይም በስስ ጨርቅ ሊለበስ ይችላል። ለእነዚህ ሞዴሎች የሚመረጠው የደቡብ አሜሪካው ባልሳ ነው። በየካ ተራሮች የሞላው ባሕር ዛፍ ከባልሳ በብዙ እጥፍ ስለሚከብድ አይተካውም፤ በቀጭኑ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ግን ለክንፍ ጠርዝና ለዘንግ ጠንካራና ቀላል ነው፣ ፎምም ለክንፉ አጥንቶች ይሆናል። የሚቀረው ሚዛን ነው። አዲሱ ሞተር ከአሮጌው ስለሚቀል አፍንጫው ይነሳል፤ መፍትሔውም እርሳስ መጨመር ሳይሆን ባትሪውን ወደ ፊት ገፍቶ ማስቀመጥ ነው፤ የክብደቱ ማዕከል ከክንፉ የፊት ጠርዝ ወደ ኋላ ከወርዱ ሩብ እስከ ሲሶ ባለው ውስጥ እስኪውል ድረስ።

የነዳጅ ወዳጆች ዋነኛ መከራከሪያ የበረራ ርዝመት ነው፤ ማስረጃቸውም ቀላል አይደለም። በኦገስት 2003 የአሜሪካዊው ሜናርድ ሂል ቡድን የሠራት «ታም 5» ከ5 ኪሎ ግራም ባነሰ ክብደት፣ በትንሽ ነዳጅ ሞተር፣ ከካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ተነስታ ከ38 ሰዓት በላይ በርራ አየርላንድ አርፋለች። ባትሪ ይህን አይሠራም። አንድ ኪሎ ሜታኖል 5.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ሲይዝ፣ አንድ ኪሎ የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ የሚይዘው ከ0.2 ያንሳል። ይሁን እንጂ ውቅያኖስ ማቋረጥና ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ላይ መብረር የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። 14.8 ቮልትና 4,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ 59 ዋት ሰዓት ይይዛል። ለምሳሌ የወሰድነው አውሮፕላን ከፍታውን ጠብቆ ሲበርር 100 ዋት ግድም ይበቃዋል፤ መነሳቱና መውጣቱ ታስቦ ባትሪውም ሙሉ በሙሉ ሳይሟጠጥ ሩብ ሰዓት መብረር ይቻላል። መሬት ላይ ቆሞ ዓይኑን ከአውሮፕላኑ የማይነቅል ሰው ሩብ ሰዓት ሲሞላው ራሱም ማረፍ ይፈልጋል። ብርዱን ግን መርሳት አይገባም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ የቀዘቀዘ ባትሪ ጉልበቱ ይወርዳልና እስከ መነሻው ድረስ ኪስ ውስጥ ማሞቅ ይበጃል።

ሌላው ተቃውሞ የኑሮ ነው፦ መብራት በሚጠፋበት፣ ዕቃው ሁሉ ከውጭ በሚመጣበት አገር ይህ ቅንጦት አይደለም ወይ? ዕቃው ውድ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ከሁለቱ መንገዶች ለኢትዮጵያ የሚቀርበው የኤሌክትሪኩ ነው። ያን ባትሪ ለመሙላት የሚያስፈልገው ኃይል አንድ አምፖል በአንድ ምሽት የሚወስደውን ያህል ነው፤ የሞዴል ነዳጅ ግን ተቀጣጣይ ስለሆነ በመንገደኛ ሻንጣ አይገባም። እስከ 100 ዋት ሰዓት የሚደርስ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ ይፈቀዳል። መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የሊቲየም ባትሪንና የኤሌክትሪክ ሞተርን ጠባይ የሚያውቅ ባለሙያ በጣም ያስፈልጋል። የፈቃድ ጉዳይ ግን ከዋጋውም ይቀድማል። ድሮን ወደ አገር ለማስገባትም ሆነ ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያም ከካራ ሩቅ አይደለም። ስለዚህ ይህ በግል በጓሮ የሚሞከር ሳይሆን በትምህርት ቤት ወይም በኮሌጅ ስም፣ ፈቃድ ተጠይቆ፣ ሜዳ ተለይቶ የሚሠራ ነገር ነው።

በደጋው አየር ውስጥ አውሮፕላን መሥራት አዲስ ነገርም አይደለም። በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበርና በኢትዮጵያውያን እጅ አዲስ አበባ ላይ የተሠራችው «ፀሐይ» እ.ኤ.አ. በ1935 መጨረሻ በርራለች፤ ጣሊያኖች ወስደዋት እዚያ ከኖረች በኋላ በ2024 ወደ አገሯ ተመልሳለች። የእሷ ሞተር የስስ አየሩን ዕዳ ከመክፈል ሌላ አማራጭ አልነበረውም። የዛሬ ተማሪ ግን አማራጭ አለው። ከድሮው ንድፍ የክንፉን ቅርጽ ይውሰድ፤ ክብደቱን፣ ፕሮፔለሩንና የማቀዝቀዣ ቀዳዳውን ግን ከካራ አየር ተነስቶ ያስላ። ይህን ያደረገ ተማሪ ከአውሮፕላኑ ጋር ኤሮዳይናሚክስ፣ ኤሌክትሪክና የእንጨት ሥራ በአንድ ጊዜ ይማራል፤ የቆላ ንድፍ እንዳለ የገለበጠ ግን የቆላን አውሮፕላን ደጋ ላይ ያደክማል።