የኢየሩሳሌሙ ጥያቄና መልስ

እስራኤል የነጻነት ቀኗን በምታከብርበት ዕለት፣ ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ አይሁዳውያን ወጣቶች ኢየሩሳሌም ውስጥ መድረክ ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ። የሚጠየቁት ከዕብራውያን መጽሐፍ ቅዱስ፣ እኛ ብሉይ ኪዳን ከምንለው ነው፤ ሄኖክና ኩፋሌ ግን የሉበትም። ውድድሩ በቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፋል። ለፍጻሜ የደረሱትን የሚለየውን ጥያቄ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የሚያቀርብበት ልማድም አለ።

ዓለም አቀፉ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥያቄና መልስ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1958፣ መንግሥቱ የተመሠረተበት 10ኛ ዓመት ሲከበር ነው። ያን ጊዜ ተወዳዳሪዎቹ ዐዋቂዎች ነበሩ፤ ከውጭ ከመጡት መካከል ክርስቲያኖችም ነበሩባቸው። እስራኤልን የወከሉት አሞስ ሐካም 37 ዓመታቸው ነበር። በልጅነታቸው በደረሰባቸው ጉዳት መናገር ይቸግራቸው ስለነበር አባታቸው ቤት ውስጥ ነው ያስተማሯቸው። ኑሯቸውን የሚገፉት በአንድ የዐይነ ስውራን ተቋም በሚያገኙት ትንሽ ደመወዝ ነበር። ሕዝቡ በሬዲዮ ሲከታተል እኒያ የማይታወቁ ሰው አሸነፉ፤ በአንድ ሌሊትም አገር ያወቃቸው ሆኑ። ከዚያ በኋላ የኢሳይያስን፣ የመዝሙረ ዳዊትንና የኢዮብን ትርጓሜ ጻፉ። እኔ ከድላቸው ይልቅ ይህን አከብራለሁ።

እንዲህ ያለውን ውድድር «ሽምደዳ ነው» ብለው የሚያቃልሉት አሉ። አልስማማም። አንድ ጥያቄ እናንሳ፦ በመጽሐፍ ቅዱስ ግራኝ የተባሉት እነማን ናቸው? መጽሐፈ መሳፍንትን ያነበበ የሞዓብን ንጉሥ የገደለውን ናዖድን ወዲያው ይጠራል። መጽሐፉን እስከ መጨረሻው የዘለቀ፣ በወንጭፍ የማይስቱትን 700 ግራኞች ይጨምራል። አንደኛ ዜና መዋዕልን ያጠና ደግሞ ዳዊት ከሳኦል ሸሽቶ በጺቅላግ ሳለ የተከተሉትን፣ በቀኝም በግራም እጃቸው ድንጋይ የሚወነጭፉትን ያስታውሳል። ሦስቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ሁሉም ከብንያም ነገድ መሆናቸውን ያያል። ይህን የሚያየው ሦስቱንም በቃሉ የያዘ ብቻ ነው። በአብነት ትምህርት ቤትም ንባቡን ያላጠና ተማሪ መጻሕፍት ቤት ገብቶ ትርጓሜ አይቀጽልም፤ ሐካም የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው።

የወጣቶቹ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1963 ተጀመረ፤ ዛሬ በይበልጥ የሚታወቀውም እሱ ነው። በየአገሩ ማጣሪያ ይደረጋል፣ ያለፉት አገራቸውን ወክለው ይሄዳሉ። ዕብራይስጥ አፉን የፈታበት እስራኤላዊ ልጅ ካለው ብልጫ አንጻር የውጭዎቹ ድካም እጥፍ ነው። በቅርብ ዓመታት ወደ እስራኤል ለመግባት ጎንደር ውስጥ ከሚጠባበቀው የቤተ እስራኤል ተወላጆች ማኅበረሰብ የወጣ ወጣትም ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳድሯል። ቤተ እስራኤል ኦሪትን ለዘመናት ያነበበው በግዕዝ ስለሆነ፣ ይህ ወጣት የአባቶቹን መጽሐፍ በሌላ ቋንቋ እንደ አዲስ ማጥናት ነበረበት። ይህ ድካሙ ለእኔ ከዋንጫ አያንስም።

እዚያ መድረክ ለመድረስ የሚመኝ ልጅ ያላችሁ፣ ዘፍጥረትንና ሳሙኤልን ታሪካቸው ራሱ ይስበዋልና አትጨነቁ። አብራችሁት ተቀምጣችሁ የምታነቡት ዜና መዋዕልን ይሁን። ብዙዎቻችን የስም ዝርዝር ነው ብለን የምንዘለው እሱን ነው።