ውድድር በሚደረግበት ሰሞን ከተማ ስለ መግባት

ከቦንጋ ተነሥቶ በጅማ በኩል፣ የጊቤን በረሃ ተሻግሮ አዲስ አበባ ለሚገባ ተማሪ መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ ወጪውም ለተማሪ ኪስ ቀላል አይደለም። ታዲያ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ መሄድ የሚችል ሰው መቼ ቢሄድ ይሻለዋል? ከተማው ጸጥ ባለ ጊዜ ነው የሚሉ ጓደኞች አሉን። እኛ ግን ዓለም አቀፍ ውድድር በሚደረግበት ሰሞን ነው ባዮች ነን።

አዲስ አበባ የአፍሪካን ዋንጫ ሦስት ጊዜ አስተናግዳለች። ይኸውም በ1954 ዓ.ም. ብቻዋን፣ በ1960 ከአሥመራ ጋር፣ በ1968 ደግሞ ከድሬዳዋ ጋር ነው። ከሦስቱ እጅግ የሚያስቀናው የመጀመሪያው ነው። የተሰለፉት አራት ቡድኖች ብቻ ነበሩ፤ ኢትዮጵያ፣ ቱኒዚያ፣ ዩጋንዳና ያን ጊዜ የተባበረው ዓረብ ሪፑብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ። የጨዋታዎቹን ቀናት ከእኛ የቀን አቆጣጠር ጋር ያስተያየን እንደሆነ ደስ የሚል ነገር እናገኛለን። ጥር 6 ቀን ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈች። ግብፅ ዩጋንዳን 2 ለ 1 የረታችው ጥር 10 ቀን፣ በከተራ ዕለት ነው! የፍጻሜው ጨዋታ የዋለው ጥር 13 ቀን እሑድ ሲሆን፣ ይህም ከጥምቀት ሁለት ቀን በኋላ መሆኑ ነው።

እንግዲህ በዚያ ሰሞን ከጠቅላይ ግዛት የመጣ እንግዳ (ቦንጋ ያን ጊዜ ጅማን ዋና ከተማው ባደረገው በከፋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበረች) ታቦታቱን እስከ ጃን ሜዳ አጅቦ፣ በዚያው ሳምንት ደግሞ ስታዲየም ገብቶ ከካይሮና ከካምፓላ የመጡ ተጫዋቾችን ማየት ይችል ነበር። ለአንድ ጉዞ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል? በፍጻሜው ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ የእኛዎቹም ሁለት ጊዜ አቻ አደረጉ፤ በተጨማሪው ሰዓት 4 ለ 2 ረቱ። የቡድኑ አሠልጣኝ ኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የሆኑት ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ዋንጫው ወደ ኢትዮጵያ አልተመለሰም። በ1960 ኮንጎ ኪንሻሳ፣ በ1968 ሞሮኮ ከእኛው ከተማ ይዘውት ሄደዋል።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ለትዝታ ብቻ አይደለም። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ያችኑ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈ። ባለሜዳዋ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ጨዋታው የተደረገው ግን ማላዊ ውስጥ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው፤ ኮንፌዴሬሽኑ የአገራችን ስታዲየሞች ለደረጃው አይበቁም ብሎ ነበርና። አስተናጋጅነት ስንል ሆቴሎች የሚያገኙት ገቢ ብቻ ይመስለናል። ትልቁ ጥቅም ግን በአውቶቡስ ዋጋ ዓለምን ማየት መቻሉ ነው። ከዴቻ ወይም ከጊምቦ ገበሬ ቤት የወጣ ልጅ ለአዲስ አበባ የሚሆን ገንዘብ ቢጨንቀውም ያጠራቅማል፤ ለሊሎንግዌ ግን ከየት ያመጣል?

እስኪያልፍ ድረስ ለእኛ የቀረበው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ነው። ይህ የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር መጀመሪያ የተደረገው በኅዳር 1994 ዓ.ም. ሲሆን፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ራሱ አንደኛ ወጥቷል። ያን ጊዜ የሮጠው 10,000 ሰው ነበር፤ በኋለኞቹ ዓመታት ከ40,000 በላይ ሆኗል። ከውጭ አገር የሚመጡ ሯጮችም አሉበት።

ሊሄድ ያሰበ ወንድም ወይም እኅት ጥቂት ነገር ይወቅ። ውድድሩ እሑድ ጧት ስለሆነ ቅዳሜ ማታ ደክሞ ከመድረስ ዓርብ መግባት ይሻላል። በዚያ ጧት በመስቀል አደባባይ ዙሪያ ያሉት መንገዶች ለመኪና ስለሚዘጉ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ በጅማው መንገድ በኩል፣ በጦር ኃይሎች አካባቢ አድሮ ማልዶ በእግር መውረድ ይበጃል። ዋነኞቹን ሯጮች ለማየት ቀድሞ ቦታ መያዝ ግድ ነው፤ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጨርሰው ይሄዳሉ። እኛ ግን ይበልጥ የወደድነው ከኋላ የሚመጣውን ሕዝብ ነው፤ እየዘፈነ፣ እየቀለደ፣ በኑሮውም እያማረረ የሚያልፈውን። ከተማው በአዘቦት ቀን በልቡ የሚይዘውን ያን ዕለት በአፉ ይናገራል።

የአልጋ ነገር አስቸጋሪ ነው፤ በዚያ ሰሞን ዋጋው ይወጣል። ዘመድ ያለው ዘመዱ ዘንድ ይረፍ፤ ባዶ እጁን ግን አይሂድ። የከፋ ማርና አንድ ኪሎ ቡና የያዘ እንግዳ በአዲስ አበባ ሦስት ሌሊት ቢያድር የሚከፋበት ሰው የለም።