የንጹህ ምርት ዋጋ፦ ከገበሬው ማሳ እስከ ኢፍጣር ማዕድ

ረመዳን በመጣ ቁጥር ከገበያ የማይጠፋ ጥያቄ አለ። ማር ስንገዛ «ስኳር አልገባበትም?»፣ ቅቤ ስንገዛ «ባዕድ ነገር የለበትም?» እንላለን። ቀኑን ሙሉ ጾመን የምናፈጥርበት ማዕድ ሐላል ብቻ ሳይሆን ጦይብ፣ ማለትም ንጹህና መልካም እንዲሆን እንሻለንና። ሻጩም «ወላሂ ንጹህ ነው» ይለናል። ችግሩ እውነተኛውም አጭበርባሪውም የሚሰጡን መልስ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው።

ይህች አጭር ምልልስ ስለ ኦርጋኒክ ምርት ገበያ ብዙ ትነግረናለች። ገዢው ንጹሁን ከተቀላቀለው መለየት ካልቻለ ለሁለቱም የሚከፍለው ያው መካከለኛ ዋጋ ነው። በዚያ ዋጋ የቀላቀለው ያተርፋል፤ ያልቀላቀለው ይከስራል። ውሎ አድሮም ንጹህ ያመርት የነበረው ገበሬ ወይ ከገበያው ይወጣል፣ ወይ እንደ ሌሎቹ ይሆናል።

ኦርጋኒክ የምንለው ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ኬሚካል ሳይጨመር፣ በኮምፖስት፣ በፍግና ሰብልን በማፈራረቅ የሚመረተውን ነው። በጅማና በከፋ ደኖች፣ በብዙ አርሶ አደሮች ጓሮም ቡና ያለ ኬሚካል ይበቅላል። ይሁን እንጂ ኬሚካል አለመጠቀም አንድ ነገር ነው፤ «ኦርጋኒክ» ብሎ መሸጥ ሌላ ነው። ለውጭ ገበያ የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ለዚያም መዝገብ መያዝ፣ ምርቱን ከሌላው ለይቶ ማከማቸትና በየዓመቱ መፈተሽ ግድ ነው። ኬሚካል ሲጠቀም የቆየ ማሳ ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት ለዓመታዊ ሰብል 2፣ እንደ ቡና ላለ ቋሚ ተክል 3 ዓመት የሽግግር ጊዜ አለው። በእነዚህ ዓመታት ገበሬው የኦርጋኒክን ልፋት ይለፋል፤ የኦርጋኒክን ዋጋ ግን አያገኝም። የማዳበሪያ ወጪ ቢቀርለትም ኮምፖስት ማዘጋጀት ጉልበት ይጠይቃል፤ ፍጉም ቢሆን ኩበት ሆኖ ለማገዶ ይፈለጋል።

ግማሽ ሄክታር ያለው ገበሬ የቁጥጥሩን ወጪ ብቻውን አይችለውም። ስለዚህ በማኅበር ተደራጅቶ የምስክር ወረቀቱን በጋራ ማግኘት ተለምዷል። በ1991 ዓ.ም የተመሠረተው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የአባላቱን ቡና በቀጥታ ለውጭ ገዢ በማቅረብ ይታወቃል፤ ከሚያቀርበውም ውስጥ ኦርጋኒክ ቡና ይገኝበታል። ፌርትሬድ በተባለው ፍትሐዊ የንግድ ሥርዓት ለኦርጋኒክ ቡና የሚታሰበው ጭማሪ እ.ኤ.አ. በ2023 በፓውንድ ከ30 ወደ 40 የአሜሪካ ሳንቲም አድጓል። በኪሎ ሲሰላ 88 ሳንቲም ገደማ ነው። ከዚህ ላይ የቁጥጥር፣ የመጋዘንና የማጓጓዣ ወጪ ሲነሳ ገበሬው እጅ የሚገባው ያንሳል። አዲሱ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ደግሞ በጋራ የሚመሰከርለት አንድ ቡድን ከ2 ሺህ አባላት እንዳይበልጥ ስለሚያዝ፣ ትልልቅ ማኅበራት በትንንሽ ቡድን መደራጀትና ለየቡድኑ ቁጥጥር መክፈል ይጠበቅባቸዋል።

ዋጋ ያላገኘ ሰብል ደግሞ ማሳ ላይ አይቆይም። በሐረርጌ ቡና ተነቅሎ ጫት የተተከለበት መሬት ለዚህ ምስክር ነው።

ወደ ሀገር ውስጥ ገበያ ስንመለስ፣ ስለ ኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488 የወጣው በ1998 ዓ.ም ነው። እኛ ግን ሰፈራችን ሱቅ ገብተን ንጹሁን ማር ከሌላው የምንለይበት ምልክት እስካሁን አልለመድንም።

ሃይማኖታችን ለዚህ ዓይነቱ ችግር መልስ አለው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከሥር እርጥብ ሆኖ ባገኙት ጊዜ፣ ሻጩ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠይቀውታል። ጭነቱን ይዞ የሚመጣ ባለምርት የገበያውን ዋጋ ሳያውቅ መንገድ ላይ ጠብቆ መግዛትንም ከልክለዋል። የመጀመሪያው ሸማቹን፣ ሁለተኛው አምራቹን ይጠብቃል። ሰለም የሚባለው የሸሪዓ ውል ደግሞ ዓይነቱ፣ መጠኑና የሚደርስበት ቀን በግልጽ ለተነገረ ምርት ሙሉ ዋጋውን አስቀድሞ መክፈልን ይፈቅዳል። ወለድን ለሚሸሽ፣ ምርቱ እስኪደርስ ግን ገንዘብ ለሚያስፈልገው ገበሬ ይህ ትልቅ ድጋፍ ነው።

ታዲያ እኛ ምን ማድረግ እንችላለን? በብራዚልና በህንድ ገበሬዎችና ሸማቾች ተሰባስበው እርስ በርስ ማሳ እየጎበኙ፣ የተስማሙበት ደንብ መከበሩን ራሳቸው የሚያረጋግጡበት ሥርዓት በመንግሥት እውቅና አግኝቷል። ወጪው ከውጭ ተቆጣጣሪ ክፍያ ያነሰ ነው። እኛም በየመስጊዳችን ጀመዓ አለን። አሥርና አሥራ አምስት ቤተሰብ ተሰባስቦ ከአንድ የንብ አናቢዎች ማኅበር ጋር ቢነጋገር፣ ማሩ በሚቆረጥበት ወቅት ሁለት ሰው ልኮ ቀፎውን ቢያይ፣ የዓመቱን ፍጆታ በአንድ ጊዜ ቢያዝ፣ የደላላው ድርሻ ለአናቢውና ለሸማቹ ይተርፋል። ቅድሚያ መክፈል ካሰብን ውሉን ከመፈጸማችን በፊት ዓሊም እናማክር። ክርክር እንዳይነሳም ስምምነቱን በጽሑፍ እናድርግ።

አናቢው ከገበያው ትንሽ ከፍ ያለ ዋጋ ቢጠይቀን ወዲያው ስግብግብ አንበለው፤ ምክንያቱን እንጠይቀው። ከሁሉም የረከሰውን ስንገዛም እንዴት ሊረክስ እንደቻለ እንጠይቅ። ለኢፍጣር የምንበጠብጠው ብርዝ ንጹህ የሚሆነው፣ ማሩን ያልቀላቀለው ሰው ባለመቀላቀሉ ሳይከስር ሲቀር ነው። አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ ረመዳን ሙባረክ!