ያገለገለች ትንሽ መኪና ለወረታ ሰው፦ ተረትና እውነታ

«ቪትዝና ያሪስ የፎገራን መሬት አይችሉም» ሲባል ይሰማል። አባባሉ በከፊል እውነት ነው። የፎገራዋ ወረታ ከባሕር ዳር ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች፣ የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ውሎው በአስፋልቱ ላይ ለሆነ ሰው ትንሽ መኪና በቂ ናት። ወደ ናበጋና ወደ ጣና ዳር ለሚወርድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የፎገራ ሜዳ መረሬ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ጎማ ላይ ይለጠፋል። ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ የምትል መኪና ሆዷ ጭቃው ላይ ያርፋል፤ ጎማ መቀየርም አያድናትም። ከማሳ ሩዝ ለማውጣት እሷን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

«ኪሎ ሜትሯ ትንሽ ስለሆነ አልተነዳችም» የሚለው ማስረጃ አይሆንም፤ ቆጣሪ በመሣሪያ ይመለሳል። የፍሬን ፔዳል ጎማው ካለቀና መሪው ከተላጠ፣ ቆጣሪው የቱንም ያህል ያሳይ፣ መኪናዋ ብዙ ሠርታለች። ሞተሩ ጠዋት ሳይሞቅ ይነሳ፤ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ መሆኑን ያሳያል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይቆም ነጭ ጭስ የቴስታታ ጓርኒሲዮን መበላቱን ሊጠቁም ይችላል።

ብዙ ገዢ የሚጎዳው «ውሃ ገብቶባት ነበር፤ ግን ታጥባ ደርቃለች» በሚለው ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት እየሞሉ ሜዳውን ያጥለቀልቃሉ፤ በነሐሴ 1998 የደረሰው ጎርፍ ከከባዶቹ አንዱ ነበር። ጎርፍ የነካት መኪና ከውጭ ታምራለች፤ ጉዳቱ ያለው ከምንጣፉ ሥር ነው። እዚያ የሚያልፉት የኤሌክትሪክ ሽቦዎች መጋጠሚያቸው ቀስ በቀስ ይዝጋል፤ ችግሩ የሚወጣውም ከወራት በኋላ ነው። ስለዚህ ምንጣፉ ይነሳ፤ የመለዋወጫ ጎማው ማስቀመጫ ይታይ፤ የወንበሩ ብሎኖች ዝገት ይመርመር፤ የደህንነት ቀበቶው እስከ መጨረሻው ይሳብ። ሻጭ መኪናውን ሲያጥብ ቀበቶውን እስከ ሥሩ ስቦ ማጠብ ብዙ ጊዜ ስለሚረሳ የጭቃው መስመር እዚያ ይቀራል።

«ሜዳ ላይ በደንብ ሄዳለች» ማለትም አያስተማምንም። በከፍታ አየር ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አሥር በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ወረታ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ። መኪናዋ ሰው ሞልታ በአለም በር በኩል ሽቅብ ብትሞከር የፍሪሲዮኗ መንሸራተትና የሞተሯ መጋል ይታያል።

«የመኪና ዋጋ አይወርድም» የሚለው እምነት ምክንያት አለው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ይሁንና የጨመረው የገበያው ዋጋ ነው፤ ሞተሩ ያለቀባት መኪና ለጥገና የሚወጣባት ገንዘብ ትርፉን ይበላዋል።

የመጨረሻው ተረት «ሊብሬና ውክልና ከያዝኩ መኪናው የእኔ ነው» የሚለው ነው። ውክልና በሌላ ሰው ስም ለመሥራት የሚሰጥ ሥልጣን እንጂ ባለቤትነት አይደለም፤ ወካዩ ሊሽረው ይችላል፣ ሲሞትም በመርህ ደረጃ ይቋረጣል። ያኔ ገዢው ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ሊቆም ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ሳይመሳከር፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለባት ከመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሳይረጋገጥ፣ ስሙም ሳይዞር ሙሉ ክፍያ መፈጸም የለበትም።