የጥንት ኮሚክ መጽሔቶች ዋጋና የሰብሳቢዎች የተሳሳቱ ግንዛቤዎች

እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት ሦስት ወንድማማቾች በሟች እናታቸው ቤት ከጣሪያው ሥር በሚገኝ ማከማቻ ውስጥ አንድ ካርቶን አገኙ። በካርቶኑ ውስጥ ከአሮጌ ጋዜጦች ሥር ከተቀመጡት የኮሚክ መጽሔቶች መካከል በ1939 የታተመው «ሱፐርማን» ቁጥር 1 ይገኝበታል። ሲታተም በ10 ሳንቲም ይሸጥ የነበረው ይኸው መጽሔት በኖቬምበር 2025 በጨረታ ቀርቦ 9 ነጥብ 12 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል።

የዚህ ዓይነቱ ዜና በተሰማ ቁጥር አሮጌ ኮሚክ ያለው ሣጥኑን መክፈቱ፣ የሌለውም ገዝቶ ማስቀመጥ መጀመሩ የተለመደ ነው። ይሁንና የገበያውን አሠራር ባለመረዳት አንዳንዶች እምብዛም ዋጋ ለሌለው ወረቀት ቁጠባቸውን ያወጣሉ። ሌሎች ደግሞ በእጃቸው የሚገኘውን ብርቅ መጽሔት ለማሳመር ሲሉ በገዛ እጃቸው ዋጋ ያሳጡታል። ለዚህም ምክንያቱ በሰብሳቢዎች ዘንድ ለረጅም ጊዜ ሲነገሩ የኖሩ የተሳሳቱ ግንዛቤዎች ናቸው።

«ኮሚክ» የሚለው ቃል በአማርኛ የሚያስቅን ነገር የሚያመለክት ቢሆንም፣ እዚህ ላይ የሚነገርለት ግን ታሪክን በተከታታይ ሥዕልና በአጭር ጽሑፍ የሚተርክ፣ በርካሽ ወረቀት የሚታተም መጽሔት ነው። በአሜሪካ የኅትመት ዘርፉ የተስፋፋው በ1930ዎቹ ሲሆን፣ ሱፐርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 በ1938፣ ባትማን የታየበት «ዲቴክቲቭ ኮሚክስ» ቁጥር 27 ደግሞ በ1939 ለንባብ በቅተዋል። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ በላይ የተስፋፋው ግንዛቤ አንድ መጽሔት ካረጀ ውድ ይሆናል የሚለው ነው። ሆኖም ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አይሆንም። ዋጋን የሚወስኑት ስንት ቅጂ እንደተረፈ፣ ስንት ሰው እንደሚፈልገውና መጽሔቱ በምን ይዞታ ላይ እንደሚገኝ ነው። ለምሳሌ «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 ወደ 200 ሺህ በሚጠጋ ቅጂ የታተመ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ እንደተረፈ የሚገመተው ግን 100 ያህል ብቻ ነው። አንዱ ቅጂ በ2024 በ6 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። በአንጻሩ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ከታተሙት የከብት ጠባቂዎችና የፍቅር ታሪክ ኮሚኮች ብዙዎቹ የሚፈልጋቸው ሰው ጥቂት በመሆኑ ዛሬም በመጠነኛ ዋጋ ይገኛሉ።

ያ ሁሉ ቅጂ የት ገባ የሚለው ጥያቄ መልሱ ከዘመኑ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በአሜሪካ ለጦርነቱ ጥረት የሚሆን አሮጌ ወረቀት በዘመቻ ይሰበሰብ ስለነበር እጅግ ብዙ መጽሔት ተፈጭቶ ለሌላ አገልግሎት ውሏል። ከጦርነቱ በኋላም ኮሚክ የልጆችን ጠባይ ያበላሻል የሚል ተቃውሞ በመነሳቱ፣ በ1948 በኒው ዮርክ ግዛት በቢንግሃምተን ከተማ እንደታየው፣ ተማሪዎች መጽሔቶቹን ሰብስበው እንዲያቃጥሉ እስከ ማድረግ ተደርሷል። በ1954 የአገሪቱ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ጉዳዩን በይፋ መርምሯል። በዚህ መካከል በየቤቱ የነበሩት ቅጂዎች በእናቶች እጅ ወደ ቆሻሻ መጣያ ሄደዋል። የተረፉትን ውድ ያደረጋቸው እንግዲህ ሌሎቹ ዋጋ እንደሌላቸው ተቆጥረው መጣላቸው ነው።

ይህን አለማስተዋል ሁለተኛውን ስህተት አስከትሏል። አዲስ መጽሔት በብዛት ገዝቶ፣ ሳያነቡ አሽጎ ማስቀመጥ ለልጆች ትምህርት የሚሆን ጥሪት ያስገኛል የሚለው እምነት በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ እጅግ ተስፋፍቶ ነበር። በ1991 የወጣው «ኤክስ ሜን» ቁጥር 1 በአምስት ዓይነት ሽፋን ቀርቦ ከ8 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ታትሟል። በ1992 መጨረሻ ለገበያ የቀረበውና የሱፐርማንን ሞት የሚተርከው «ሱፐርማን» ቁጥር 75ም በሚሊዮኖች ተሸጧል። ብዙዎች መጽሔቱን ከታሸገበት ጥቁር ከረጢት ሳያወጡ አስቀመጡት። ሁሉም ሰው ያስቀመጠው ዕቃ ግን ብርቅ ሊሆን አይችልም። እነዚህ መጽሔቶች ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይተውም አብዛኞቹ ቅጂዎች በጥቂት ዶላር የሚገኙ ናቸው። ገበያው ሲቀዘቅዝ በርካታ የኮሚክ መደብሮች የተዘጉ ሲሆን፣ ትልቁ አሳታሚ ማርቬልም በዲሴምበር 1996 የኪሳራ ጥበቃ ለመጠየቅ ተገዷል።

ቁጥር 1 የሆነ ዕትም ምንጊዜም ከሌሎቹ ይበልጣል የሚለውም ሌላው የተለመደ ግንዛቤ ነው። ሰብሳቢዎች በእርግጥ የሚሹት አንድ ታዋቂ ገጸ ባሕርይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበትን ዕትም ሲሆን፣ ይህ ደግሞ ሁልጊዜ ቁጥር 1 አይደለም። ባትማን የታየው በ27ኛው ዕትም ነው። ስፓይደርማን በ1962 ብቅ ያለው «አሜዚንግ ፋንታሲ» በተሰኘው መጽሔት 15ኛ ዕትም ላይ ነው። ዎልቨሪን የተባለው ገጸ ባሕርይም ሙሉ ሚና ይዞ የቀረበው በ1974 በወጣው «ኢንክሬዲብል ሃልክ» ቁጥር 181 ነው። በመሆኑም ቁጥር 1ን ብቻ እያሳደደ ሌላውን በርካሽ የሚሸጥ ሰው ዋናውን ሀብት አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል።

የዚሁ የ1974 ዕትም ታሪክ ሌላም ትምህርት ይሰጣል። ማርቬል በዚያን ጊዜ አንባቢዎች ቆርጠው እንዲሰበስቡት በመጽሔቶቹ የደብዳቤ ገጽ ላይ ትንሽ ቴምብር መሰል ሥዕል ያትም ነበር። በዚህም የተነሳ ሽፋኑ የሚያምር፣ ውስጡ ግን በመቀስ የተቆረጠ ቅጂ በገበያ ላይ ያጋጥማል። እንዲህ ያለው ጉድለት የመጽሔቱን ዋጋ ክፉኛ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ሽፋንን አይቶ ከመግዛት ይልቅ ገጾቹን አንድ በአንድ ቆጥሮና መርምሮ መግዛት ተገቢ ይሆናል።

ከባዱን ኪሳራ የሚያስከትለው ግን የተቀደደውን መጠገን ዋጋ ይጨምራል የሚለው ግንዛቤ ነው። ሽፋኑን በፕላስተር ማጣበቅ፣ የደበዘዘውን ቀለም በእስክሪብቶ ማድመቅ፣ የተበላውን ጠርዝ በመቁረጫ መከርከም፣ የዛገውን የስቴፕለር ሽቦ ነቅሎ በአዲስ መተካት በቅን ልቦና የሚደረጉ ናቸው። ሆኖም ቀለም የተጨመረበት ወይም የተከረከመ መጽሔት በገበያው ዘንድ እንደ ተነካካ ስለሚቆጠር፣ በተፈጥሮ ይዞታው እንዳለ ከቆየ ቅጂ ባነሰ ዋጋ ይሸጣል። የፕላስተር ሙጫም ከጊዜ በኋላ ቢጫ ሆኖ ወደ ወረቀቱ ስለሚሰርግ ጉዳቱ በቀላሉ አይመለስም። «ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል» እንደሚባለው፣ መጽሔቱን የሚጎዳው አንባቢ ብቻ ሳይሆን አብዝቶ የሚሳሳለት ባለቤትም ነው።

ይዞታ የሚያመጣውን የዋጋ ልዩነት ለመረዳት የስፓይደርማንን የመጀመሪያ መጽሔት መመልከት ይቻላል። በ12 ሳንቲም ይሸጥ የነበረው ይህ ዕትም ከ10 ነጥብ 9 ነጥብ 6 የተሰጠው ቅጂ በ2021 በ3 ነጥብ 6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ሽፋኑ የተቀደደና ገጾቹ የተጎዱ ቅጂዎች ግን የዚህን እጅግ ጥቂት ክፍልፋይ ብቻ ያወጣሉ። እንዲህ ያለውን ደረጃ የሚያወጡ ገለልተኛ ድርጅቶች ሲኖሩ፣ በ2000 ሥራ የጀመረው ሲጂሲ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በስፋት ይታወቃል። ድርጅቱ መጽሔቱን መርምሮ ከ0 ነጥብ 5 እስከ 10 ያለውን ነጥብ በመስጠት በግልጽ ፕላስቲክ ያሽገዋል። የተጠገነውንም በተለየ ቀለም ምልክት ይለየዋል።

በፕላስቲክ ከረጢት የገባ መጽሔት ለዘለዓለም ከጉዳት ይጠበቃል ብለው የሚያምኑም ጥቂት አይደሉም። የጥንት ኮሚኮች የታተሙት እንደ ብራና ለዘመናት በሚዘልቅ ነገር ላይ ሳይሆን ከእንጨት ብስባሽ በተሠራ ወረቀት ላይ ነው። በእንጨቱ ውስጥ ያለው ሊግኒን የተባለ ንጥረ ነገር በብርሃንና በአየር ምክንያት ወረቀቱን ቢጫ ሲያደርገው፣ በወረቀቱ ውስጥ የሚገኘው አሲድ ደግሞ እየሰባበረ ያደርቀዋል። ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ ራሱ እያረጀ ወረቀትን የሚጎዱ ኬሚካሎች ስለሚለቅ ለዚህ ተግባር አይመከርም። የተሻለው ፖሊስተር ሲሆን፣ ከጀርባው አሲድ የሌለው ካርቶን ይደረጋል። ከከረጢቱ በላይ ወሳኙ ግን ቦታው ነው። ሙቀት የሚበዛበት የጣሪያ ሥር፣ እርጥበትና ሻጋታ ያለበት ምድር ቤት እንዲሁም ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ሁሉም አደገኛ ናቸው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በ1977 በዴንቨር ከተማ የተገኘው የኤድጋር ቸርች ስብስብ ነው። የማስታወቂያ ሠዓሊ የነበሩት ቸርች ከ1930ዎቹ ጀምሮ ያከማቿቸው ከ18 ሺህ በላይ መጽሔቶች ዘመናዊ ከረጢት አልነበራቸውም። ነገር ግን በጨለማ ውስጥ እርስ በርስ ተደራርበው፣ ደረቅ አየር ባለው ደጋማ ሥፍራ በመቆየታቸው ብዙዎቹ ትናንት የታተሙ ይመስሉ ነበር።

በሽፋኑ ላይ ያለው ዓመተ ምሕረት የመጽሔቱን ዕድሜ ያረጋግጣል የሚለው ግንዛቤም ገዢዎችን ለማታለል በር ይከፍታል። በ1974 የ«አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 ዳግም እትም ከፍ ባለ መጠን ታትሞ ነበር። ዳግም እትም መሆኑን የሚገልጸው የውጭ ሽፋን ሲገነጠል ውስጡ ከ1938ቱ ጋር ስለሚመሳሰል፣ እንደ ዋናው እየተቆጠረ ሲቀርብ ኖሯል። መለያው ቀላል ነው። ዳግም እትሙ 34 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ሲኖረው ዋናው 26 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህም በላይ በሽፋን ላይ የሚጻፈው ወር መጽሔቱ የወጣበት ሳይሆን ሻጩ ከመደርደሪያው እንዲያነሳው የሚጠቁም ነበር። «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 የሰኔን ወር ይዞ በሚያዝያ ለገበያ የቀረበውም በዚሁ ልማድ ነው።

የመጨረሻው ስህተት በዋጋ መምሪያ ላይ የተጻፈው ቁጥር ወዲያውኑ በእጅ የሚገባ ገንዘብ ነው ብሎ ማሰብ ነው። ሮበርት ኦቨርስትሪት በ1970 ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳተሙት መምሪያ ለገበያው መመዘኛ ሆኖ ኖሯል። ይሁን እንጂ መምሪያው የሚያመለክተው ሰብሳቢ ከመደብር ሲገዛ የሚከፍለውን ነው። ነጋዴው የቤት ኪራይና ዕቃው ሳይሸጥ የሚቆይበትን ጊዜ ስለሚያስብ የሚገዛው ከዚያ አሳንሶ ነው። በኢንተርኔት ሻጮች የሚጠይቁት ዋጋም የተሸጠበት ዋጋ ማለት አይደለም። በዜና የሚነገረው የጨረታ ዋጋ ሳይቀር ብዙውን ጊዜ ገዢው ለአጫራቹ የሚከፍለውን ተጨማሪ ክፍያ የሚያካትት በመሆኑ ሙሉ በሙሉ ወደ ሻጩ ኪስ አይገባም።

ስለሆነም አሮጌ የኮሚክ መጽሔት በእጁ የገባ ሰው በቅድሚያ ሊያደርገው የሚገባው አለመንካት ነው። ሳያጸዱና ሳያጣብቁ፣ ደረቅና ጨለማ ቦታ አስቀምጦ፣ የገጾቹን መሟላት ማረጋገጥና ተመሳሳይ ቅጂ በቅርቡ በእርግጥ በስንት እንደተሸጠ መጠየቅ ከብዙ ኪሳራ ያድናል። ለመግዛት የተነሳም መጽሔቱን የሚወደው ከሆነ፣ ዋጋው ቢወርድ እንኳ የሚያነበው ነገር አይጎድልበትም። የካሊፎርኒያዎቹ ወንድማማቾች እናት ቤት የተገኘው መጽሔትም ለዚያ ክብር የበቃው ለአሥርት ዓመታት በካርቶኑ ውስጥ እንደተቀመጠ በመቆየቱ ነው።