«ያለ ምክንያት» የሚቆም ኮምፒዩተር

አንባቢ ሆይ፤ የመመረቂያ ጽሑፍህን ልትጨርስ ሁለት ገጽ ሲቀርህ፣ ወይም አለቃህ «ዛሬውኑ ይድረሰኝ» ያለህን ሪፖርት ስትጽፍ፣ ኮምፒዩተርህ በድንገት ደርቆ ቢቀር ምን ታደርጋለህ? ልጆቹ «ስታክ አደረገ» የሚሉት ይህንኑ ነው። መቸም ብዙው ሰው የሚያደርገው የታወቀ ነው። ከአራት ኪሎ ቁልቁል ወርዶ፣ ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግሮ፣ ዕቃውን በብብቱ እንደ ያዘ የፒያሳን ዳገት ይወጣና «ፎርማት አድርግልኝ» ይላል። ይከፍላል፤ ይመለሳል፤ በሳምንቱም ኮምፒዩተሩ እንደገና ይቆማል።

ፎርማት ማድረግ ፕሮግራሙን ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን ነው እንጂ፣ አቧራ የዘጋውን ማራገቢያ ወይም የደከመውን ፓወር ሰፕላይ አይነካም። ይልቁንም ያልተገለበጠ ጽሑፍ ካለህ አብሮ ይጠረጋል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመህ ሥራህን በፍላሽ ገልብጥ፤ አንድ ፍላሽም አይበቃም።

ቀጥሎ መፍቻ ሳይሆን ወረቀትና እርሳስ አንሣ። በስንት ሰዓት ቆመ? ከተከፈተ ስንት ደቂቃ ሆኖት ነበር? ምን እየሠራህ ነበር? ቻርጀሩ ተሰክቶ ነበርን? በቆመም ጊዜ «ካፕስ ሎክ» የተባለውን ቁልፍ ተጫን። ትንሿ መብራት በርታ የምትጠፋ ከሆነ የታመመው ምናልባት አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው፤ መብራቷ ካልተንቀሳቀሰች ግን መላው ማሽን ሳይቆም አይቀርም። አምስት ስድስት ጊዜ ይህን ከጻፍህ በኋላ «ያለ ምክንያት» ያልኸው ነገር መልኩን ማሳየት ይጀምራል።

በአዲስ አበባ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ሙቀት ነው ብንልህ ትስቅ ይሆናል፤ አገሩ ብርድ ነውና። ነገር ግን ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሯ ስስ ነው፤ በባሕር ጠረፍ፣ ለምሳሌ በጅቡቲ፣ ካለው አየር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ቢሆን ነው። ስለዚህ ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢዞርም ጠርጎ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። በዚህ ላይ የበጋው አቧራ አለ። ላፕቶፑን አልጋ ላይ፣ ከጋቢ ላይ ካስቀመጥኸው ደግሞ አፍንጫውን በእጅህ እንደ ያዝኸው ቍጠረው። ዛሬ የሚሠሩት ፕሮሰሰሮች ሙቀታቸው ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ በመጀመሪያ ይዘገያሉ፤ ካልበረደላቸውም ራሳቸውን ያጠፋሉ። ጧት ደኅና ሆኖ፣ ፊልም ስታይ ማራገቢያው እየጮኸ የሚጠፋ ከሆነ፣ ነቅለህ አቧራውን አስጠርግ። ሲነፋ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት ይያዝ። ዕድሜው የገፋ ከሆነም በፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ቴርማል ፔስት ደርቆ ይሆናልና ይቀየር።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ መብራት ነው። ከግድግዳው የሚመጣው 220 ቮልት ሲዋዥቅ ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ ጥቂቱን ይችላል፤ የደከመው ግን ያንኑ ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ነቅለህ በባትሪ ብቻ ሥራበት፤ በባትሪ ደኅና፣ በቻርጀር በሽተኛ ከሆነ መርማሪው አንተው ሆንህ ማለት ነው። ዴስክቶፕ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያሉት ትንንሽ ሲሊንደሮች (ካፓሲተር ይሏቸዋል) አናታቸው አብጦ እንደ ሆነ ተመልከት። ስታቢላይዘርም መብራት ሲሄድ አያድንህም፤ ያን የሚያደርገው ዩፒኤስ ነው።

ሦስተኛው ራም ነው፤ እርሱ ቦታና ጊዜ ሳይመርጥ፣ ዛሬ በጽሑፍ ነገ በሙዚቃ ላይ ይጥልሃል። የጉግል ኩባንያ ማሽኖች ተጠንተው እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ጥናት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከማሽኖቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ቢያንስ አንድ የራም ስሕተት ታይቶባቸዋል። ዊንዶውስ የራሱ የራም መመርመሪያ አለው፤ «ሜምቴስት 86» የተባለውም አለ፤ ሌሊቱን ሲመረምር ይደር። ሁለት ራም ካለህ አንዱን አውጥተህ በሌላው ሞክር። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ብትለውጥ ግን ጥፋተኛው የትኛው እንደ ነበረ ከቶ አታውቅም።

ለግማሽ ደቂቃ ቆሞ እንደገና የሚቀጥል፣ ወይም ከውስጡ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ሀርድ ዲስኩ ነው፤ ያን ቀን ሌላ ምርመራ ይቅርና ግልበጣውን ጨርስ።

አንዳንዱ በዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ «ከርነል ፓወር 41» የሚል ቃል አይቶ በሽታውን ያገኘ ይመስለዋል። ያ ቃል የሚናገረው ማሽኑ በወጉ ሳይዘጋ መቆሙን ብቻ ነው። ለቅሶ ቤት የተተከለ ድንኳን እንደ ማለት ነው፤ ሰው መሞቱን ይነግርሃል እንጂ በምን እንደ ሞተ አይነግርህም።

ይህን ሁሉ ሞክረህ ካልሆነልህ ያን ጊዜ ድልድዩን ተሻገር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ስለ ፈረሱ፣ የምታውቀው ባለሙያ ወደ ሌላ ሰፈር ሄዶ ይሆናል፤ አስቀድመህ ደውል። ስትደርስም «ፎርማት» የሚለውን ቃል ተውና ወረቀትህን ስጠው። ዕቃ ከቀየረልህም አሮጌውን እንዲመልስልህ ጠይቅ።