«ልጆቻችን የት ናቸው?» የፕላዛ ዴ ማዮ እናቶች ትግልና የእኛ ዕዳ

አፕሪል 30 ቀን 1977 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) አሥራ አራት ሴቶች በአርጀንቲና ዋና ከተማ በቦነስ አይረስ፣ ከፕሬዚዳንቱ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ባለው በፕላዛ ዴ ማዮ አደባባይ ተገናኙ። አብዛኞቹ የቤት እመቤቶች ነበሩ። እንደ ፓርቲ አልተደራጁም፤ ፕሮግራም አላረቀቁም። የያዙት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ልጆቻችን የት ናቸው? ይህ ጥያቄ አገሪቱን በጠመንጃ ይገዙ የነበሩትን ጄኔራሎች ሰላም ነሥቶ በመጨረሻ እስከ እስር ቤት ተከተላቸው። እኛ በስደት ላይ ያለን ተማሪዎች ስለ ትግል ብዙ ጽፈናል፤ ብዙም ተከራክረናል። ስለዚህም በእነዚህ እናቶች ሥራ ራሳችንን መመርመር ይገባናል።

የመሰወር ፖለቲካ

ማርች 24 ቀን 1976 በጄኔራል ሆርሄ ራፋኤል ቪዴላ የሚመራው ወታደራዊ ጁንታ ሥልጣን ነጠቀ። ምክር ቤቱን በተነ፤ የፖለቲካ ፓርቲዎችን እንቅስቃሴ አገደ፤ የሠራተኛ ማኅበራትን በወታደር ቁጥጥር ሥር አዋለ። ይህንስ ብዙ አምባገነኖች አድርገውታል። የአርጀንቲናው ጁንታ የሚለየው እየገደለ ግድያውን በካደበት ስልት ነው። ተማሪውን፣ የፋብሪካ ሠራተኛውን፣ መምህሩን፣ ጠበቃውን ነጭ ለባሾች በሌሊት ታርጋ በሌለው መኪና አፍነው ይወስዱታል። በማግሥቱ እናት ልጄን ብላ ስትሄድ ፖሊስ ጣቢያው አላየንም፣ ጦር ሠፈሩ አናውቅም፣ ፍርድ ቤቱ በዚህ ስም መዝገብ የለም ይሏታል። እስረኛ የለም፤ ሬሳም የለም፤ እንግዲህ ወንጀልም የለም ማለት ነው። ጁንታው ከወደቀ በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በ1984 ባወጣው ሪፖርት 8,960 የተሰወሩ ሰዎችንና 340 ገደማ ምስጢራዊ ማጎሪያዎችን መዝግቧል። የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ግን የተሰወሩት 30,000 ይደርሳሉ ይላሉ።

ይህ ስልት የሚመታው የተወሰደውን ብቻ አይደለም። የልጇን ሬሳ ያላየች እናት አልቅሳ አይወጣላት፣ ተስፋም አትቆርጥ። ዝም ብትል ልጇ የሚተርፍ ይመስላታል። ጎረቤትም ያለ ነገርማ አልወሰዱትም ብሎ በሩን ይዘጋባታል። ስለዚህ እያንዳንዷ ለየብቻዋ በየቢሮው ደጅ ትጠናለች። ጁንታው የተማመነው በዚህ ብቸኝነት ላይ ነበር።

ይህን ብቸኝነት ከሰበሩት አንዷ ወይዘሮ አሱሴና ቪያፍሎር ናቸው። ልጃቸው ኔስቶር በኖቬምበር 1976 ተወስዶባቸው በየቢሮው ሲንከራተቱ መሰሎቻቸውን አገኙ። ለየብቻ ደጅ ከመጥናት አንድ ላይ አደባባይ እንውጣ ያሉትም እሳቸው ናቸው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ስብሰባን ይከለክል ስለነበር ፖሊሶች እዚህ መቆም አይቻልም፣ ተንቀሳቀሱ አሏቸው። እናቶቹም ሁለት ሁለት እየሆኑ በአደባባዩ መካከል ያለውን ሐውልት ይዞሩ ጀመር። የፖሊሱ ትእዛዝ ራሱ ሰልፍ ሆነላቸው። ከዚያ በኋላ ቀጠሮው ሐሙስ ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆነ። በኦክቶበር 1977 ወደ ሉኻን ከተማ በተደረገው መንፈሳዊ ጉዞ ላይ በሕዝቡ መካከል እንዲተዋወቁ የሕፃን የሽንት ጨርቅ በራሳቸው ላይ አሰሩ። ዓለም የሚያውቀው ነጭ ሻሽ የመጣው ከዚህ ነው። መንግሥት ግን «እብዶቹ» እያለ ያፌዝባቸው ነበር።

ሰርጎ ገቡና ምላሹ

ጁንታው ማፌዙ እንዳልበቃው ብዙም ሳይቆይ ታየ። ወንድሜ ተወስዶብኛል የሚል አንድ ወጣት በእናቶቹ መካከል ገባ። እናቶቹም እንደ ልጃቸው አዩት። እውነተኛ ስሙ አልፍሬዶ አስቲስ የተባለ የባሕር ኃይል መኮንን ነበር። በዲሴምበር 8 ቀን 1977 የሳንታ ክሩስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ እሱ የጠቆማቸው ሰዎች ታፈኑ። ከእነሱም መካከል ወይዘሮ ኤስተር ባዬስትሪኖ፣ ወይዘሮ ማሪያ ፖንሴና አንዲት ፈረንሳዊት መነኩሲት ነበሩ። በዲሴምበር 10 የተሰወሩት ሰዎች ስም ዝርዝር በጋዜጣ ታትሞ ወጣ፤ በዚያው ቀን ወይዘሮ አሱሴና በቤታቸው አጠገብ ታፈኑ። ሁሉም ወደ ባሕር ኃይሉ መካኒክ ትምህርት ቤት ተወሰዱ፤ ከዚያም ከአውሮፕላን ወደ ባሕር ተጣሉ። ባሕሩ ግን ምስጢር አልጠበቀም፤ የአንዳንዶቹን ሬሳ ወደ ዳርቻ መለሰው። ባለሥልጣኖቹም ስም ሳይጽፉ ቀበሯቸው።

ከእነዚህ ሰማዕታት የወይዘሮ ኤስተርን ታሪክ ለይተን ማንሳት እንፈልጋለን። ከፓራጓዩ የሞሪኒጎ አምባገነን አገዛዝ ሸሽተው አርጀንቲና የገቡ፣ እንደኛው ስደተኛ የነበሩ ሴት ናቸው። ልጃቸው በእርግዝናዋ ወቅት ተወስዳ፣ ተሠቃይታ፣ በመጨረሻ ተለቀቀች። ከአገር አስወጧት። እሳቸው ግን የሌሎቹ ልጆች ገና ስላልተገኙ ወደ አደባባዩ ተመለሱ፤ በዚህም ሕይወታቸውን ሰጡ። የዚህ ትግል ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። «ልጄ የት ነው?» የሚለው ጥያቄ «ልጆቻችን የት ናቸው?» ወደሚለው ተለወጠ። እናት ስለ ገዛ ልጇ ብቻ ስትጠይቅ አምባገነኑ በተስፋ ሊያታልላት፣ በፍርሃት ሊያስራት ይችላል። ስለ ሁሉም ስትጠይቅ ግን ምን ሰጥቶ ዝም ያሰኛታል?

መሪዎቻቸው ከተገደሉም በኋላ አደባባዩ ባዶ አልቀረም። በስደት የነበሩትም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በኦክቶበር 1979 ከባሕር ኃይሉ ማጎሪያ በሕይወት የወጡ ሦስት ሴቶች ፓሪስ ውስጥ በፈረንሳይ ብሔራዊ ምክር ቤት ቀርበው፣ ያዩትንና በዚያ የነበሩትን ሰዎች ስም ተናገሩ። ጁንታውን የጣሉት እናቶቹ ብቻ ናቸው አንልም። የኢኮኖሚው መንኮታኮት፣ የሠራተኛው አድማና በ1982 በማልቪናስ ጦርነት የደረሰበት ሽንፈት አንድ ላይ ገፍተውታል። ነገር ግን ጄኔራሎቹ በታህሳስ 1983 ሥልጣን ሲያስረክቡ ወንጀላቸው አብሮ እንዳይረሳ ያደረገው ያ የሐሙስ ሰልፍ ነው። በ1985 ቪዴላ በፍርድ ቤት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። በ1986 እና በ1987 የወጡ ሕጎች የሌሎቹን ክስ አቋረጡ፤ በ1990 ቪዴላም በምሕረት ወጣ። እናቶቹ ግን መዞራቸውን አላቆሙም። በ2003 ሕጎቹ ተሻሩ። በ2005 የወይዘሮ አሱሴና አጽም ተለየ፤ አመዳቸውም በአደባባዩ ሐውልት ሥር አረፈ። በ2011 አስቲስ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ቪዴላም በ2013 እስር ቤት ውስጥ ሞተ።

የእኛ ጉድለት

ጓዶች! እነዚያ እናቶች አደባባዩን ሲዞሩ በእኛም አገር ቀይ ሽብር ይፋፋም ነበር። የአዲስ አበባ እናት የልጇን ሬሳ መንገድ ላይ አገኘችው። አታልቅሺ ተባለች፤ ሬሳውን ለመውሰድም የጥይት ዋጋ ክፈይ የተባለች አለች። ደርግ በ1991 ከወደቀ በኋላ የጅምላ መቃብሮቹ ሲቆፈሩ ከረዱት ባለሙያዎች መካከል የአርጀንቲና የአጽም ምርመራ ቡድን ይገኝበታል። ይህ ቡድን የተጠነሰሰው በ1984፣ የተሰወሩ የልጅ ልጆቻቸውን የሚፈልጉት የፕላዛ ዴ ማዮ አያቶችና አጣሪ ኮሚሽኑ የውጭ ሳይንቲስቶችን በጠሩ ጊዜ ነው። የቦነስ አይረስ ጥያቄ ባሕር ተሻግሮ የእኛንም ልጆች አጽም ለመለየት ደረሰ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም በ2006 በሌለበት የጥፋተኝነት ፍርድ ተሰጠበት።

ነገር ግን ግለ ሂስ ማድረግ አለብን። ከ1976 ጀምሮ የኢሕአፓና የመኢሶን ሰዎች በአዲስ አበባ እርስ በርስ ተገዳደሉ፤ ደርግም ሁለቱንም በየተራ ፈጃቸው። በውጭ ያለው የተማሪው ንቅናቄም በዚያው መስመር ተሰነጠቀ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ሰማዕታት ብቻ ይቆጥራል፤ የሌላውን ሟች ደግሞ ከሃዲ ወይም ባንዳ ይለዋል። የሁለቱም እናቶች በአንድ ከተማ፣ አንዳንዴም በአንድ ሰፈር ለየብቻቸው አለቀሱ። ያ ብቸኝነት የደርግ ሥራ ብቻ አይደለም፤ የእኛም እጅ አለበት። የአርጀንቲና እናቶችም ልዩነት ነበራቸው። በ1986 በሁለት ተከፈሉ፤ በአጽም ፍለጋና በካሣ ጉዳይም ብርቱ ክርክር ነበራቸው። ሆኖም ሁለቱም በዚያው አደባባይ፣ በዚያው ሐሙስ፣ በዚያው ነጭ ሻሽ መዞራቸውን ቀጠሉ። የመስመር ልዩነት ሙታንን ለመካፈል ምክንያት አልሆናቸውም።

የእናት ልቅሶ ስሜት ነው፣ ትግል ግን ንቃት ይጠይቃል የሚል ጓድ ይኖራል። ጁንታው የትኛውን እንደ ፈራ ታሪኩ ይመልስለት። ሰርጎ ገብ የላከው፣ ከአውሮፕላን የጣለው፣ ስም ዝርዝር ይዘው የሚዞሩትን ሴቶች ነው።

ስለዚህ ለየቅርንጫፉ የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ አንድ ደብተር ይክፈት። ከአባላቱና ከዘመዶቻቸው ጠይቆ የተገደሉትንና የደረሱበት ያልታወቀውን ሰዎች ስም፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታዩበትን ቀንና ቦታ ይመዝግብ። አገር ቤት ያለ ቤተሰብ አደጋ ላይ እንዳይወድቅ የነጋሪው ስም ከመዝገቡ ይለይ። በደብተሩ ላይ የድርጅት ስም የሚጻፍበት ዓምድ አይኑር። ስብሰባችንንም በመፈክር ከመክፈታችን በፊት አሥር ስም እናንብብ፤ የእኛንም፣ የእነሱንም። የሌላውን ወገን ሟች ስም ጮክ ብሎ ማንበብ የከበደው ጓድ ካለ፣ የወይዘሮ ኤስተርን መመለስ ያስታውስ። እሳቸው የገዛ ልጃቸውን አግኝተው ነበር።

የሰማዕታት ስም አይረሳ!
ፍትሕ ለሁሉም እናቶች!
ትግሉ ይቀጥላል!